አንድ የነዳጅ ችግር በሁለት ከተሞች፤ አምስተርዳምና አዲስ አበባ በ1966 ዓ.ም.

የአየር ጠባይ መለወጥ ዛሬ የመንግሥታት ሁሉ አሳብ ሆኗል። ከኃይል ፍጆታ ከሚወጣው የካርቦን ጭስ ሩብ ያህሉ ከመጓጓዣ የሚመነጭ ስለሆነ፤ ሕዝብ ከመኪና ወደ እግር፤ ወደ ብስክሌትና ወደ አውቶቡስ እንዴት ይመለሳል የሚለው ጥያቄ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም። የታሪክ ተማሪም ድርሻ አለው። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ በአንድ ዓመት ሁለት ከተሞች ላይ የደረሰውን የነዳጅ ችግር እንመለከታለን። የዚያን ጊዜ ሰዎች የተነሡት ስለ አየር ጠባይ አልነበረም፤ ሆኖም ያደረጉት ነገር ለዛሬው ጥያቄ ትምህርት ይሰጣል ብለን እናምናለን።

በመስከረም 1966 ዓ.ም. በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ነዳጅ አምራች የዓረብ አገሮች እስራኤልን ደገፉ ባሏቸው በአሜሪካና በኔዘርላንድስ ላይ እገዳ አደረጉ። የነዳጅም የዓለም ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል ወጣ።

የኔዘርላንድስ መንግሥት ከጥቅምት 25 ቀን ጀምሮ በእሑድ ቀን መኪና እንዳይነዳ ከለከለ፤ ክልከላውም ሁለት ወር ያህል ቆየ። ባዶ የቀረውን ጐዳና ልጆችና ሽማግሌዎች በእግርና በብስክሌት ሞሉት። ይሁን እንጂ ለውጡን ያመጣው ይህ ዐዋጅ ብቻ ነው ብንል እንሳሳታለን። እ.ኤ.አ. በ1971 በአገሪቱ መንገዶች ከ3,000 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ከእነዚሁ ከ400 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት፤ ሴት ልጁ በመኪና አደጋ የሞተችበት አንድ ጋዜጠኛ የሕፃናቱ ግድያ እንዲቆም ጮኾ ጻፈ፤ ጽሑፉም ለአንድ ማኅበር መነሻ ሆነ። በአምስተርዳም ዴ ፔይፕ በተባለው ሠፈር ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው መጫወቻ ቦታ ለማግኘት መንገድ ዘጉ። እ.ኤ.አ. በ1975 የብስክሌተኞች ማኅበር ተመሠረተ፤ መንግሥትም በቲልበርግና በዴን ሃግ ለተሠሩት የብስክሌት መንገዶች ገንዘብ ሰጠ።

በአዲስ አበባ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የቤንዚን ዋጋ በመቶ 50 ያህል ስለ ተጨመረ ባለ ታክሲዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ቀን በትምህርት ዘርፍ ጥናቱ ምክንያት አድማ መቱ። ተማሪዎችም ተጨመሩበት። በጥቂት ቀናት ውስጥ የቤንዚኑ ዋጋ ቢቀነስም የከተማው ቍጣ አልበረደም። የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በዚያው ወር ከሥልጣን ወረደ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አብዮቱን ቤንዚን ብቻ አመጣው አንልም፤ የወሎ ረኃብ፤ የመሬት ጥያቄና የወታደሩ ብሶት ቀድመው ነበሩና።

አንዱ ችግር ሁለት መልክ የያዘበት ምክንያት ምንድን ነው? በመጀመሪያ፤ የኔዘርላንድስ ምድር ሜዳ ነው፤ ብስክሌትም ከጥንት የሕዝቡ መጓጓዣ ነበር። ሁለተኛ፤ በዚያ ሕዝቡ በማኅበር ተደራጅቶ አሳቡን በፓርላማ በር ያሰማ ነበር፤ በእኛ አገር ግን የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ሦስተኛውና ዋነኛው ምክንያት የሸክሙ አከፋፈል ነው ብለን እንገምታለን። የእሑዱ ክልከላ ባለጠጋውንም ደኃውንም ባለ መኪና ከቤቱ አዋለ። የዋጋው ጭማሪ ግን አስቀድሞ የወደቀው የዕለት እንጀራውን ከመሪው ላይ በሚያገኘው ባለ ታክሲና በተሳፋሪው ላይ ነው።

ይህ ፍሬ ነገር ዛሬም ጊዜ አላለፈበትም። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጐዳናዎችን በተወሰኑ እሑዶች ለእግረኛ መክፈት ተጀመረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። ኤሌክትሪካችን በአመዛኙ ከውኃ የሚገኝ ስለሆነ የውሳኔውን አሳብ እንደግፋለን። ነገር ግን ከከተማችን ሕዝብ እጅግ ብዙው እግረኛ ነው፤ በቤንዚንም ይሁን በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና አይገዛም። እርሱ የሚሻው ያልተቈፈረ የእግር መንገድ፤ አደጋ የሌለበት ማቋረጫና በሰዓቱ የሚመጣ አውቶቡስ ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ ከተሞች ታሪክ የምንረዳው ይህን ነው፤ የሠፈር ሰው የጠየቀውና ሸክሙ በትክክል የተከፈለ ለውጥ ይጸናል፤ ከላይ ወርዶ በደካማው ትከሻ ላይ ብቻ የሚያርፍ ግን ራሱን ገዢውን ሳይቀር ያናውጣል።