ዘላቂ ዲዛይን በሥነ ጥበብ ትምህርት

ዘላቂ ዲዛይን አንድ ዕቃ ወይም ቤት ከምን እንደሚሠራ፣ ምን ያህል እንደሚያገለግልና ሲያረጅ የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ አስቦ መንደፍ ነው። ለሁለተኛ ደረጃ የሥዕል ተማሪዎች ሲሰጥ ከእርሳስና ከወረቀት ባሻገር ቁሱን ራሱን በእጅ ማስመርመር አለበት።

ለአዲስ አበባ የየካና የእንጦጦ ተማሪዎች መማሪያው ደጃፋቸው ላይ ነው። የካ ተራራ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ከቋጥኝ ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ በእንጦጦ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ደግሞ በእንጨትና በጭቃ ተሠርቷል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የገባው የአውስትራሊያ ባሕር ዛፍ የከተማዋን የማገዶና የግንባታ እንጨት እጥረት አቃልሏል። ይሁንና ውሃ በብዛት ይመጥጣል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደልቡ አያድግም፤ ስለዚህ በጽድና በወይራ የመተካቱ ሥራ ተጀምሯል። መፍትሔ ተብሎ የመጣ ነገር ሌላ ችግር ሊወልድ እንደሚችል ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

መካኒሳ አካባቢ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ቤተ መዘክር ደግሞ የዘላቂ ዲዛይን ዋና ማሳያ ነው። መሥራቾቹ መስከረም አሰግድና ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ግድግዳዎቹን በጭቃና በጭድ አሠርተዋል፤ ኤልያስ በሥዕሎቹም የተጣሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችንና የኮምፒውተር ክፍሎችን ይጠቀማል።

ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ይይዘዋል። ተማሪዎች የጭዱን መጠን እየለዋወጡ ትንንሽ ምርጊቶች ቢሠሩና ስንጥቆቹን ቢስሉ ይህን በዓይናቸው ያያሉ። የሚያስፈልገው አፈር፣ ጭድና ውሃ ብቻ ስለሆነ የሥዕል መምህራን በመጪው በጋ ይሞክሩት።