የሚዋጥ ጥላ አለ ወይ?

ባለፈው ሳምንት አልቢኒዝም ያለበት አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ ከክፍል ስወጣ ጠብቆኝ «ቲቸር፣ ውጭ አገር ያለችው አክስቴ ፀሐይ የሚከላከል ኪኒን ልትልክልኝ ነው። ከዚያ በኋላ ኮፍያውንና ክሬሙን ልተወው?» አለኝ። እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን ኪኒኑም የራሱ ታሪክ አለው፤ ቤት ገብቼ ሳነብ አመሸሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው ከባክቴሪያ ነው። በ1950ዎቹ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ካሮትን ብርቱካናማ ከሚያደርገው ቀለም ጋር የሚዛመድ ቀለም የሌላቸው ባክቴሪያዎች ብርሃን ሲያገኛቸው ይሞታሉ፣ ቀለሙ ያላቸው ግን ይተርፋሉ። ሚሼሊን ማቲውስ-ሮት የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህን ሐሳብ ወደ ሰው አመጣችው። ፀሐይ ስትነካቸው ቆዳቸው በሕመም የሚንገበገብ፣ ፕሮቶፖርፊሪያ የሚባል የዘር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ቤታ ካሮቲን እንዲውጡ ተደረገ። በ1970 ከባልደረቦቿ ጋር ውጤቱን አሳተመች፤ ሕመምተኞቹ ከበፊቱ የበለጠ ፀሐይ ላይ መቆየት ችለው ነበር። በ1975 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለዚያው በሽታ ፈቀደው።

ከዚያማ ተስፋው ሰፋ። ለእነሱ ከረዳ የቆዳ ካንሰርንስ ለምን አይከላከልም ተባለ። ቀድሞ የቆዳ ካንሰር የወጣባቸው 1,805 ሰዎች ተመረጡና ግማሾቹ በቀን 50 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን፣ ግማሾቹ ባዶ ኪኒን ወሰዱ። በ1990 ውጤቱ ወጣ፦ ከ5 ዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም። ይባስ ብሎ በ1994 ከፊንላንድ የመጣው ጥናት ቤታ ካሮቲን የወሰዱ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ አገኘ።

በ2015 ደግሞ ከአውስትራሊያ ደህና ወሬ ተሰማ። ኒኮቲናማይድ የሚባለውን የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት 500 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለአንድ ዓመት የወሰዱ ሰዎች ላይ አዲስ የሚወጣው የቆዳ ካንሰር (ሜላኖማን ሳይጨምር) በ23 በመቶ ቀነሰ። ተሳታፊዎቹ 386 ነበሩ፤ ሁሉም ካንሰሩ ቀድሞ የወጣባቸው ናቸው። መውሰድ ሲያቆሙ ግን ጥቅሙም አብሮ ቆመ። 23 በመቶ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ኮፍያ አያስጥልም።

በ2018 ያው የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፀሐይ እንከላከላለን የሚሉ ኪኒን ሻጮችን አስጠነቀቀ፤ የፀሐይ ክሬምን የሚተካ ኪኒን የለም ሲል በግልጽ ተናገረ።

ለልጁ ያልኩት ይህንኑ ነው፦ «አክስትህን ኪኒኑ ይቅርና በዚያው ብር ክሬም ላኪልኝ በላት። ኮፍያህንና ረጅም እጅጌህን እንዳትተው።» ከፍታ ሲጨምር ጎጂው ጨረርም ይጨምራል፤ እኛ ደገኞች ደግሞ ለፀሐይ ቅርብ ነን።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት ሰልፍ ላይ ይህን ልጅ «ኮፍያህን አውልቅ» ብዬው አውቃለሁ። ሥርዓት ያስከበርኩ መስሎኝ ነበር። መምህራን ወዳጆቼ፣ እባካችሁ እናንተ አትድገሙት። የሚዋጥ ጥላ እስካሁን አልተገኘም፤ ያለችውን ጥላ ከራሱ ላይ አንግፈፈው።