«የቀረጻ መለያ»፦ ስለ አንድ ስያሜ

በምህጻረ ቃሉ አይኤስአርሲ የሚባለውና ለእያንዳንዱ የሙዚቃ ቀረጻ የሚሰጠው ባለ12 ምልክት ኮድ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ የቀረጻ ኮድ» ከተባለ፣ ርዝመቱ አልበቃ ብሎ ትርጉሙም ይዛባል። አማርኛ «ደረጃውን የጠበቀ» የሚለውን ሐረግ ለሆቴሉም ለመንገዱም የጥራት ምስክርነት አድርጎ ስለለመደው፣ ጀማሪ የነፋውንም ሊቅ የነፋውንም ሳክስፎን እኩል የሚመዘግበው ኮድ ጥራት መዛኝ መስሎ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው አይኤስኦ 3901 የተሰኘው ደረጃ ግን የሚወስነው የኮዱን አሠራር እንጂ የሙዚቃውን ማማር አይደለም።

«የዘፈን ቁጥር» የሚለው አማራጭ አጭር ቢሆንም ሁለት እንከን አለበት፤ ኮዱ ከአኃዝ ጋር ፊደላትንም ይይዛል፣ ጃዝም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ግጥም በመሣሪያ ብቻ የሚቀርብ ሙዚቃ ነው። «የቅጂ መለያ» ይሻል ይመስላል፤ ሆኖም «ቅጂ» የመጣው «ቀዳ» ከሚለው ግስ ሲሆን፣ ውኃ ከእንስራ እንደሚቀዳ ሁሉ አስቀድሞ ካለ ነገር የተወሰደውን ያመለክታል። በአንጻሩ «ቀረጸ» ሐውልትንም ጽሕፈትንም የሚያበጅ ግስ ነው፤ በሸክላ ዘመን ድምፅ በእርግጥም በመርፌ ይቀረጽ ስለነበር ለመጀመሪያው ሥራ የሚስማማው «ቀረጻ» ነው። ከአንዱ ቀረጻ ሺህ ቅጂ ቢባዛ ኮዱ ያው አንድ በመሆኑ፣ «ለየ» ከሚለው ግስ የወጣውን «መለያ» ጨምሮ «የቀረጻ መለያ» ማለት ይበቃል።

በድርሰትና በቀረጻ መካከል ያለው ልዩነትም በጃዝ ጎልቶ ይታያል። ጆኒ ግሪን ዜማውን የደረሰውን «ቦዲ ኤንድ ሶል» ሉዊ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1930፣ ኮልማን ሆኪንስ ደግሞ በ1939 አስቀርጸውታል፤ ድርሰቱ አንድ ስለሆነ አይኤስደብልዩሲ የሚባለው «የድርሰት መለያ» አንድ ሲሆን፣ የቀረጻ መለያው ግን ለየቅል ነው። በኮዱ ውስጥ ያሉት ሁለት የዓመት አኃዞችም ኮዱ የተመደበበትን እንጂ ሙዚቃው የተቀረጸበትን ዘመን ስለማያሳዩ፣ የ1939ን ቀረጻ ዕድሜ ከእነርሱ ለማንበብ የሚሞክር ይሳሳታል።

መለያ መብትንም አይሰጥም፤ ቀረጻው ቢሸጥ እንኳ ኮዱ ሳይለወጥ ከቀረጻው ጋር ይዘልቃል። ባለቤትነትን የሚገልጸው ሌላ መረጃ ነው፤ በሽፋን ላይ በክብ የታጠረው «ሲ» ፊደል የቅጂ መብትን፣ በክብ የታጠረው «ፒ» ደግሞ በቀረጻው ላይ ያለውን መብት ያመለክታል። የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን «የቅጂ መብት»፣ የከዋኙንና የድምፅ ቀረጻ አዘጋጁን ደግሞ «ተዛማጅ መብት» ብሎ በሁለት አጫጭር ሐረጎች ለይቶታል። ሕጉን ያህል ከባድ ጉዳይ በሁለት ቃል የቻለ ቋንቋ፣ ለአንድ ኮድ ስድስት ቃል የሚደረድርበት ምክንያት የተርጓሚ መቸኮል እንጂ የቋንቋው ድህነት አይደለም።