የሰሜን ኖርፎክ ባሕር ዳርቻ አውቶቡሶች፦ የገጠር መስመር እንዴት ይሳሳል?

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ ካውንቲ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከሀንስተንተን ተነስቶ እስከ ክሮመር የሚዘልቅ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ጠባብ መንገድ አለ። በአንድ በኩል የጨው ረግረግና ባሕር፣ በሌላ በኩል የእህል ማሳ ያዋስነዋል። ብራንካስተር፣ የበርናም መንደሮች፣ ዌልስ (አገሩ ሳይሆን ትንሿ የወደብ ከተማ)፣ ስቲፍኪ፣ ብሌክኒ፣ ክሌይና ሼሪንግም በዚሁ መንገድ ላይ ይገኛሉ። የዳርቻውን ሰፊ ክፍል የሚያስተዳድረው የሰሜን ኖርፎክ ወረዳ በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ከነዋሪው ሲሦ የሚሆነው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ በእንግሊዝ ካሉ ወረዳዎች ሁሉ የአረጋውያን ድርሻ ከፍተኛ የሆነው እዚህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእንዲህ ያለ ስፍራ መኪና የማይነዳ ሰው ሐኪም ቤትም ሆነ ገበያ የሚደርሰው በአብዛኛው በአውቶቡስ ነው። አገልግሎቱ ግን ከ1950ዎቹ ወዲህ፣ አልፎ አልፎ ቢያንሰራራም፣ እየሳሳ መጥቷል። በአንድ ውሳኔ የተቆረጠ ነገር አይደለም፤ መልክዓ ምድሩ፣ ሕጉና የድጎማው አከፋፈል ተደራርበው ያመጡት ነው። «ተሳፋሪ ስለጠፋ መስመሩ ታጠፈ» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ሐሰት ባይሆንም የነገሩን ግማሽ ብቻ ይናገራል።

የግማሽ ክብ ችግር

ከባሕር ርቃ የምትገኝ የገበያ ከተማ ከአራቱም አቅጣጫ ተሳፋሪ ታገኛለች። የዳርቻ ከተማ ግን የምታገኘው ከግማሽ ክብ ብቻ ነው፤ የቀረው ግማሽ ውኃ ነው። በዚህ ላይ የወቅት ልዩነት ይጨመራል። በሐምሌና በነሐሴ ጢም ብሎ የሚሄድ አውቶቡስ በጥር ወር ከሦስትና ከአራት ሰው በላይ ላይዝ ይችላል። ሾፌሩ ግን በጥርም ደመወዙን ይቀበላል።

የመስመር ወጪ በተሳፋሪ ብዛት አይወሰንም። ትልቁ ወጪ የሾፌር ደመወዝ ሲሆን፣ ወጪውን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገው ለስምሪቱ የሚያስፈልገው የተሽከርካሪ ቁጥር ነው። ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ መስመር በየሰዓቱ እንዲሄድ ሁለት አውቶቡስ ይበቃዋል። ጉዞው በ10 ደቂቃ ከረዘመ ግን ወይ ሦስተኛ አውቶቡስ ከነሾፌሩ መጨመር፣ ወይ በምልልሶቹ መካከል ያለውን ጊዜ ማራዘም ግድ ይሆናል። በሰሜን ኖርፎክ ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስሌት አይደለም። በስቲፍኪና በክሌይ መንገዱ በባልጩት ድንጋይ በተሠሩ ግንቦች መካከል ተጣቦ ስለሚያልፍ፣ አውቶቡስና የሽርሽር ተጎታች ፊት ለፊት ሲገናኙ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ስለዚህ ተሳፋሪ በሚበዛበት በእንግሊዝ በጋ (በእኛ ክረምት) አውቶቡሱ ይዘገያል፤ ገቢው ከፍ ሲል ወጪውም አብሮ ከፍ ይላል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ገደብ አለ። ርዝመቱ ከ50 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መደበኛ መስመር ጥብቅ በሆነው የሾፌሮች የሥራ ሰዓት ደንብና የመንዳት ሰዓትን በሚመዘግበው መሣሪያ (ታኮግራፍ) ግዴታ ሥር ይወድቃል። ኩባንያዎች ይህን ለማስቀረት ረጅም መስመርን በሁለት ይከፍሉታል። ዓይነተኛ ባሕርዩ ርዝመት ለሆነው ለዳርቻ መንገድ መከፈሉ ተሳፋሪን መሀል ላይ ማስወረድ ሊሆን ይችላል።

ከፈቃድ ሥርዓት ወደ ገበያ

በ1930 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ እያንዳንዱ መስመር ፈቃድ እንዲኖረው አዘዘ። ፈቃድ የያዘ ኩባንያ ከተወዳዳሪ ይጠበቅ ስለነበር፣ ከአትራፊው የከተማ መስመር ያገኘውን በኪሳራ በሚሄደው የገጠር መስመር ላይ ያውለው ነበር። በኖርፎክ ይህን የሚያደርገው በ1931 የተመሠረተው ኢስተርን ካውንቲስ ነበር። ዘዴው የሠራው አትራፊው መስመር እስካተረፈ ድረስ ነው። በብሪታንያ የአውቶቡስ ጉዞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ደርሶ ከዚያ በኋላ የግል መኪና በተስፋፋ ቁጥር ወረደ። በ1961 በፕሮፌሰር ጃክ የተመራው የመንግሥት ኮሚቴ የገጠር አውቶቡሶች ያለ ቀጥተኛ የገንዘብ ድጋፍ ሊቀጥሉ እንደማይችሉ አመለከተ። ሐሳቡ ሕግ የሆነው ግን ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

በዚያው ዘመን ባቡሩም ከዳርቻው ሸሸ። በሀንስተንተን አቅራቢያ ካለችው ከሂቸም እስከ ዌልስ የነበረው የመንገደኛ ባቡር በ1952 ቆመ፤ በጥር 31 ቀን 1953 የተነሳው ታላቅ የባሕር ጎርፍ ደግሞ በዌልስ አቅራቢያ ሐዲዱን ስለጠረገው የጭነት ባቡሩ እንኳ በዚያ በኩል ተመልሶ አልሄደም። በ1964 የዌልስ፣ በ1969 የሀንስተንተን መስመሮች ተዘጉ። ዛሬ ባቡር ያለው በሁለቱ ጫፎች ነው፦ በምዕራብ በኪንግስ ሊን፣ በምሥራቅ በክሮመርና በሼሪንግም። በመካከል ያለው ሁሉ ለአውቶቡስ ተተወ።

የ1968ቱ የትራንስፖርት ሕግ ብሔራዊ የአውቶቡስ ኩባንያን መሠረተ፤ የአካባቢ ምክር ቤቶችም ለገጠር መስመር ድጎማ እንዲሰጡ ፈቀደ። መፍቀድ ግን ማስገደድ አይደለም፤ አንዱ ካውንቲ ሲሰጥ ሌላው እጁን ሰበሰበ። በ1970ዎቹ ብሔራዊው ኩባንያ መስመሮቹን አንድ በአንድ አጥንቶ ራሱን የሚችለውንና ድጎማ የሚሻውን ለየ። ይህ ክፍፍል ከዚያ ወዲህ ለመጣው ሁሉ መሠረት ሆኗል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1985ቱ የትራንስፖርት ሕግ ነው። ከጥቅምት 26 ቀን 1986 ጀምሮ፣ ከለንደን በስተቀር በመላው እንግሊዝ፣ ብቁ የሆነ ማንኛውም ኩባንያ የ42 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ መስመር መክፈት፣ መለወጥ ወይም ማጠፍ ቻለ። ማስታወቂያው በኋላ ረዝሟል። ገበያው ያልሸፈነውን ጉዞ የካውንቲው ምክር ቤት አስፈላጊ ነው ብሎ ካመነ ጨረታ አውጥቶ ይገዛል። የብሔራዊው ኩባንያ ቅርንጫፎችም ተሸጡ፤ ኢስተርን ካውንቲስ በ1987 ወደ ግል ተዛወረ።

ሕጉ በከተማ ያመጣው ፉክክር ነው፤ በገጠር ያመጣው ግን የኃላፊነት መከፋፈል ነው። አንድ መስመር ቀን ቀን በኩባንያው ፈቃድ፣ ማታና እሑድ በምክር ቤቱ ገንዘብ ሊሄድ ይችላል። ተሳፋሪው የሚያየው አንድ አውቶቡስ ሲሆን ውሳኔው ያለው ግን በሁለት እጅ ነው። ምክር ቤቱ የማታውን ድጎማ ሲያነሳ፣ ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለሰው ሰው የጠዋቱንም ቲኬት አይገዛም። ኩባንያው ያላጠፈው የጠዋት ጉዞ በዚህ ምክንያት ኪሳራ ውስጥ ይገባል።

ኮስትሆፐር

በ1996 ኮስትሆፐር የተባለ የዳርቻ መስመር ሥራ ጀመረ። መስመሩ ያደገው ለአካባቢው ሰው ብቻ በማሰብ አይደለም። በ1986 የተከፈተው የኖርፎክ ዳርቻ የእግር መንገድ በየዓመቱ ተጓዦችን ያመጣል፤ በአንድ አቅጣጫ ተጉዞ የደከመ ሰው መኪናውን ወደተወበት የሚመልሰው አውቶቡስ ይፈልጋል። በ1998 የተጀመረው የገጠር አውቶቡስ ድጎማ ደግሞ ለካውንቲዎች አዲስ ገንዘብ ሰጠ። ኖርፎክ ግሪን የተባለው የአካባቢው ኩባንያ ሲያንቀሳቅሰው የቆየው መስመር የበጋ ምልልሱን አሳድጎ በመላ አገሪቱ የሚጠቀስ የገጠር ስኬት ሆነ።

ኩባንያው በ2013 መጨረሻ ስቴጅኮች ለተባለ ትልቅ የአውቶቡስ ኩባንያ ተሸጠ፤ ስቴጅኮች ግን በሚያዝያ 2018 የኪንግስ ሊን ጣቢያውን ዘግቶ ወጣ። ትልቅ ኩባንያ የገባበትን ገጠር በአምስት ዓመት ውስጥ ጥሎ መውጣቱ፣ የገበያ ነጻነት ምን ማለት እንደሆነ ከማንኛውም ሰነድ በላይ ያስረዳል። ክፍተቱን የሞሉት ሁለት የአካባቢ ኩባንያዎች ናቸው፦ ከዌልስ ወደ ክሮመር ያለውን ሳንደርስ፣ ከኪንግስ ሊን በሀንስተንተን በኩል እስከ ዌልስ ያለውን ሊንክስ ያዙ። አገልግሎቱ ተረፈ፤ ዳርቻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ መንገደኛ ግን ዌልስ ላይ ወርዶ መቀየር ግድ ሆነበት።

ነጻ ካርድና ባዶ ካዝና

ከሚያዝያ 2008 ጀምሮ አረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች በመላው እንግሊዝ በአካባቢ አውቶቡስ በነጻ ይጓዛሉ። ለዳርቻው ይህ በረከትም ሸክምም ነበር። ካርዱ በሥራ ቀናት የሚሠራው ከጠዋቱ 9:30 (በእኛ ሰዓት 3:30) በኋላ ነው። ኩባንያው የሚከፈለው ሙሉ ታሪፉን አይደለም፤ ጉዞው ነጻ ባይሆን ኖሮ ከማይመጣው ሰው ገቢ አላጣህም በሚል ስሌት ተቀንሶ ነው። ከፋዩም ካርዱን የሰጠው ምክር ቤት ሳይሆን ጉዞው የተጀመረበት አካባቢ ምክር ቤት ነው። በርሚንግሃም የሚኖር ጡረተኛ ሼሪንግም ላይ ሲሳፈር ሒሳቡ የኖርፎክ ነው። አብዛኛው ተሳፋሪ የካርድ ባለቤት በሆነበት መስመር፣ አውቶቡሱ ሞልቶ እየሄደ ሊከስር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ2010 በኋላ የማዕከላዊ መንግሥት ለአካባቢ ምክር ቤቶች የሚሰጠው ገንዘብ በብርቱ ተቀነሰ፤ በ2012 ደግሞ ለኩባንያዎች በነዳጅ ፍጆታ ልክ የሚከፈለው ድጎማ በ20 በመቶ ወረደ። የሕጻናትና የአረጋውያን እንክብካቤ የሕግ ግዴታ ሲሆን፣ ለአውቶቡስ የሚወጣው ገንዘብ መጠን ግን ለምክር ቤቱ ፍርድ የተተወ ነው። ስለዚህ በጀት ሲጠብ መቀስ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ሌላው የባሕር ዳርቻ ካውንቲ ከምብሪያ በ2014 የመስመር ድጎማውን ጨርሶ አቆመ። በመላ አገሪቱ እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ከ3,000 በላይ ድጎማ የሚያገኙ መስመሮች መቀነሳቸውን ወይም መታጠፋቸውን የአውቶቡስ ተሟጋቾች ዘገቡ።

ቅነሳው የሚከተለው ተራ አለው። መጀመሪያ የማታው ጉዞ ይነሳል፤ ቀጥሎ የእሑዱ። ከዚያ በየሰዓቱ የነበረው በየሁለት ሰዓቱ ይሆናል። ከዋናው መንገድ ወጣ ያሉ መንደሮች ፌርማታቸውን ያጣሉ፤ በመጨረሻ በሳምንት አንድ ቀን፣ በገበያ ቀን ብቻ የሚመጣ መኪና ይቀራል። በእያንዳንዱ ደረጃ የተሳፋሪ ቁጥር ይወርዳል፤ የወረደው ቁጥርም ለሚቀጥለው ቅነሳ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ከመጨረሻዎቹ ተራፊዎች አንዱ ብዙ ጊዜ የተማሪዎች ጉዞ ነው፤ ከትምህርት ቤት ርቆ የሚኖርን ልጅ በነጻ ማጓጓዝ የምክር ቤቱ ግዴታ ስለሆነ። ግዴታው የሚያቆመው ግን 16 ዓመት ላይ ነው፤ ወጣቱ ግን ከ2015 ወዲህ እስከ 18 ዓመቱ በትምህርት ወይም በሥልጠና ላይ እንዲቆይ ይጠበቅበታል። በዚህ የሁለት ዓመት ክፍተት ውስጥ ኮሌጁን የሚመርጠው ፍላጎቱ ሳይሆን የአውቶቡስ ሰዓቱ ነው።

የተረፈውና የጠፋው

በዳርቻው ላይ ያለው መስመር በጎብኚና በካርድ ባለቤት ብርታት ቆሟል። የነዋሪው ሥራ ግን በአብዛኛው በሌላ አቅጣጫ ነው። በባሕሩ ዳር ያሉት ቤቶች የእረፍት ቤት እየሆኑ ዋጋቸው ሲንር፣ በሆቴልና በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠራው ሰው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይኖራል። እሱ የሚያስፈልገው ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ከማለዳው ፈረቃ በፊት የሚያደርስና ከማታው በኋላ የሚመልስ ጉዞ ነው። ዳርቻውን ተከትሎ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ረፋድ ላይ የሚሄደው ውብ አውቶቡስ ለእሱ የማይመች ነው። በካርታ ላይ መስመሩ ሳይቆረጥ መታየቱ ይህን ጉድለት ይሸፍነዋል።

ምትክ ሆነው የቀረቡት መፍትሔዎች ጥቂት ናቸው። በበጎ ፈቃደኞች የሚነዳ የማኅበረሰብ ሚኒባስ ኖርፎክ ውስጥ ገና በ1970ዎቹ አጋማሽ ተሞክሯል፤ ችግሩ ነጂዎቹም እንደ ተሳፋሪዎቹ ማርጀታቸው ነው። ተሳፋሪው ቀድሞ ደውሎ የሚያዝዘው አውቶቡስ በጎረቤት ካውንቲ በሊንከንሽር ከ2001 ጀምሮ አለ። የተበታተነ መንደርን ያዳርሳል፤ ነገር ግን አንድ ሚኒባስ በሰዓት ሊያነሳ የሚችለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ለአንድ ጉዞ የሚወጣው ድጎማ ከፍ ያለ ነው።

ከኮቪድ-19 ወረርሽኝ በኋላ የፖሊሲው ነፋስ ተለወጠ። መንግሥት በመጋቢት 2021 ብሔራዊ የአውቶቡስ ስትራቴጂ አወጣ፤ ኖርፎክም ከተመደበው ገንዘብ ወደ 50 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ደረሰው። በጥር 2023 የአንድ ጉዞ ታሪፍ ጣሪያ 2 ፓውንድ ሆነ፤ በጥር 2025 ወደ 3 ፓውንድ አደገ። ርቀቱ ረጅም ለሆነው የዳርቻ መንገደኛ ከከተሜው የበለጠ የጠቀመው ይህ የታሪፍ ጣሪያ ነው። ሌላው ምሳሌ ኮርንዎል ነው፦ ካውንቲው በ2020 ድጎማ የሚያገኙ መስመሮቹን በአንድ ውል አሰባስቦ አጫርቷል፤ በመንግሥት በተመደበ 23.5 ሚሊዮን ፓውንድም ከ2022 ጀምሮ የታሪፍ ቅናሽ ሞክሯል።

በ2025 የጸደቀው አዲስ የአውቶቡስ ሕግ ማንኛውም የእንግሊዝ የአካባቢ ትራንስፖርት ባለሥልጣን፣ ከፈለገ፣ መስመሮችን ራሱ ወስኖ ኩባንያ እንዲቀጥር መንገድ ከፍቷል። ይህን ለማይመርጡትም ሌላ አንቀጽ አለ። ባለሥልጣናትና ኩባንያዎች በሚፈጽሙት ስምምነት ለማኅበረሰቡ አስፈላጊ የሆኑ መስመሮች ተለይተው ይዘረዘራሉ፤ እነሱን ለመለወጥ ወይም ለማጠፍ የሚደረገው አካሄድና የአማራጭ ፍለጋው አብሮ ይደነገጋል። አስፈላጊ የሚባለው ሰዎችን ወደ መሠረታዊ ሸቀጥና አገልግሎት፣ ወደ ሥራ ወይም ወደ ማኅበራዊ ኑሮ የሚያደርስና መታጠፉ ጉልህ ጉዳት የሚያስከትል መስመር ነው። በዚህ መለኪያ ከባሕሩ ወደ ውስጥ ገባ ካለችው ከፋከንሃም ከተማ አካባቢ ገጠር ማለዳ ወደ ዳርቻው የሚወርድ ጉዞ በዝርዝሩ ሊገባ ይችላል፤ ዝርዝሩ ገና ከመዘጋጀቱ በፊት የታጠፈው ግን አሁን ያለ መስመር ስላልሆነ አይገባም። ዝርዝሩ ያለውን ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን አይመልስም፤ የጠፋውን ለመመለስ በየዓመቱ የሚታደስ ሳይሆን ለብዙ ዓመት የተረጋገጠ በጀት፣ ሁለት ተጨማሪ አውቶቡስና ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሳ ሾፌር ያስፈልጋል።