ዜና በፎገራ ሜዳ፤ ከነጋሪት እስከ ዛሬ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ባሕር በስተምሥራቅ የተዘረጋ፥ ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ የሚያጠጡት ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ፈረስ የሚጋለብበት ይኸው ሜዳ በክረምት ረግረግ ሆኖ ጎረቤትን ከጎረቤት ይለያያል። ዛሬ የወረዳው ከተማ የሆነችው ወረታ፥ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው ጎዳና ወደ ደብረ ታቦር ከሚወጣው ጎዳና ጋራ በሚገናኝበት ስፍራ ተቀምጣለች። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው የግብሩን ልክ፥ የዘመቻውን ቀን፥ የአሞሌውን ዋጋ፥ የጎረቤቱን ሞትና የጾሙን መግቢያ በጊዜው ማወቅ ነበረበት። ይህን ሁሉ ከማን አፍ ይሰማ ነበር ቢባል፥ መልሱ አንድ አይደለም።

የመንግሥትን ቃል የሚያሰማው ነጋሪት ነበረ። ስሙ ራሱ ሥራውን ይገልጣል፤ በግእዝ ነገረ ማለት ተናገረ ነውና፥ ነጋሪት የምትናገር ማለት ናት። የገበያው ሰው በበዛበት ሰዓት ከበሮው ይጎሰማል፤ ጫጫታው ጸጥ ሲል ዐዋጅ ነጋሪው ያልሰማህ ስማ፥ የሰማህ ላልሰማ አሰማ ብሎ ትእዛዙን ያፈስሳል። ከገበያው ወዲያ ቃሉን ወደየመንደሩ የሚያደርሰው ጭቃ ሹሙ ነው።

በዚህ መንገድ ከተነገሩት ዐዋጆች ሁሉ በጣና ዙሪያ ላለው ካህንና ምእመን ከፍ ያለው፥ በሰኔ 1624 ዓ.ም. የተሰማው የዐፄ ሱስንዮስ ዐዋጅ ነው። ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት ከተቀበለ ወዲህ አገሩ በደም ታጥቦ ነበረ፤ በወይና ደጋ ከላስታዎቹ ጋራ ከተደረገው ጦርነት በኋላ ግን ሃይማኖት ይመለስ፥ ፋሲል ይንገሥ ተብሎ ታወጀ። ስለ ሃይማኖቷ ብዙ መከራ የተቀበለችው የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ማኅበር ከፎገራ በማይርቀው በቆራጣ ጸንቶ መኖሩን ለሚያስብ ሰው፥ ያ ዐዋጅ ለዚህ አገር የሩቅ ቤተ መንግሥት ወሬ እንዳልነበረ ግልጥ ነው። ለብዙ ዓመት ተሰውሮ የኖረ ካህን ታቦቱን በአደባባይ ለማክበር የሚጠብቀው ይህችን አንዲት ቃል ነበረ።

ዐዋጅ በገበያ የሚነገረው ገበያ የዜና ቤት ስለ ሆነ ነው። በ19ኛው ምእት ዓመት ከፎገራ በስተሰሜን ያለው ይፋግ በበጌምድር ከታወቁት ገበያዎች አንዱ ነበረ፤ አሞሌው፥ ጥጡ፥ ቡናውና ከብቱ ከየአገሩ ይመጣበታል፤ የደሪጣ እስላም ነጋዴዎችም በአጠገቡ ይኖሩ ነበረ። ነጋዴ ከሸቀጡ ጋራ ወሬ ይጭናል፤ የጎጃምን ጦር፥ የምጽዋን ዋጋ፥ የወረርሽኙን መነሻ የሚያወራ እርሱ ነው። እውነትና ሐሰት ግን በአንድ ስልቻ ይገቡ ነበረ። ስለዚህ የቀድሞ ሰዎች ወሬና ዜና ብለው ለያዩ፤ ወሬ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር ነው፥ ዜና ግን የተረጋገጠ ነውና የነገሥታቱ ታሪክ ዜና መዋዕል ተባለ። (ዛሬ ሁለቱን ቃላት አቀላቅሎ የሚናገር ብዙ ነው፤ ነገሩም ከቃሉ ጋራ ተቀላቅሏል።)

የቤተ ክርስቲያን ዜና ከነጋሪቱ የተለየ ጠባይ ነበረው። አዲስ ዓመት ሲገባ ካህኑ በባሕረ ሐሳብ ቈጥሮ የዓመቱን ወንጌላዊ፥ አበቅቴውንና መጥቅዑን፥ የነነዌና የዐቢይ ጾም መግቢያን፥ የትንሣኤን ቀን ያሰማል። ለገበሬ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሠርጉን የሚቆርጠው፥ በሬውን የሚያርደው በዚህ ነውና። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም የጠፋ በሬ ይጠየቃል፤ ደብቆ ዝም ባለውም ላይ ግዝት ይነገራል። ሰው ሲሞት ደወሉ ይመታል፤ በብዙ የጣና አድባራት ደወሉ የተንጠለጠለ ድንጋይ ነው። ዕድር ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ ጥሩምባ ነፊው ሌሊት ተነሥቶ የሟቹን ስም በየሰፈሩ ይጠራል። ነጋሪት ሹም ለሕዝብ የሚናገርበት ነው፤ ደወሉና ጥሩምባው ግን ሕዝብ ለሕዝብ የሚናገርባቸው ናቸው።

ከዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጉድለት ይታያል። ነጋሪት ይናገራል እንጂ አይሰማም። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ቃል ከበሮ ነበረው፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ግን አቤት ባይ እግረኛ ብቻ ነበረው። የፎገራ ገበሬ በደሉን ለማሰማት ወደ ደብረ ታቦር ወጥቶ ደጅ መጥናት ነበረበት፤ ያውም ርብና ጉማራ ካሳለፉት። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት እልቂት ሲገባና ክፉ ቀን ሲከተል፥ በከብቱ የሚታወቀው የፎገራ ሰው መከራውን ለሹማምንቱ ለማሰማት ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረውም።

ኅትመት ሲመጣም ጉድለቱ በአንድ ቀን አልተሞላም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አእምሮ፥ በ1917 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም፥ ከነጻነት በኋላም በ1933 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ ተጀመሩ። በ1934 ዓ.ም. ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ ሲቋቋም ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ፤ የከበሮው ስም ለወረቀት ተሰጠ ማለት ነው። ስሙ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከበሮ መስማት ፊደል አይጠይቅም ነበረ። በወረቀት የታተመ ሕግ ያላነበበውንም ሰው እንደ ሰማ አድርጎ ያስረዋል። ስለዚህ በየገጠሩ ፊደል የቈጠረ ካህን ወይም ተማሪ ለመንደሩ ሁሉ ዐይን ሆኖ ኖረ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የ1997 ዓ.ም. ነገር ነው። በፎገራ አዋሳኝ በሊቦ ከምከም፥ በቡራና በአካባቢው ቀበሌዎች፥ ሰው ትኵሳት ይዞት፥ ጣፊያው አብጦ፥ ሰውነቱ መንምኖ ይሞት ነበረ። ወባ ነው፥ ያውም መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ። በኋላ በምርመራ የታወቀው ግን ካላዛር መሆኑ ነው፤ በሑመራና በመተማ ቈላ የሚታወቅ፥ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ቈላ የወረዱ ወጣቶች ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀረ ተገመተ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአዲስ ዘመን ከተማ ጤና ጣቢያ ሕክምና ሲያቆሙ፥ ብዙ ቤት ቀድሞ ተዘግቶ ነበረ። የወረዳው ከተማና የአገሪቱ ትልቅ ጋዜጣ አንድ ስም ይጠራሉ፤ የአዲስ ዘመን ሬሳ ግን በአዲስ ዘመን እስኪነገርለት ድረስ ዘገየ። ለቀስተኛው መቃብሩን በየሳምንቱ ይቈፍር ነበረና የሞቱን መብዛት ከማንም በፊት የሚያውቀው እርሱ ነው፤ የጐደለው ዕውቀቱን ተቀብሎ የሚመረምር ጆሮ ነበረ።

መልካም ዜና እንኳ ሁልጊዜ በነጋሪት አልመጣም። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች ሩዝን በሜዳው ሞከሩት፤ በመጀመሪያ እንዴት እንደሚበላ የማያውቀው ገበሬ ብዙ ነበረ። ውኃ የሚተኛበትና ለግጦሽ ብቻ ይውል የነበረው መሬት እህል እንደሚያበቅል ያስተማረው ግን ይልቁንም የጎረቤት ማሳ ነው። ከቀበሌው ስም ኤክስ ጂግና የተባለው ዘር ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ሜዳውን ሞላው፤ ዛሬ የሩዝ ምርምር ማዕከል በወረታ ይገኛል። የፎገራ ላም ግን ግጦሽዋ ጠቧል፤ ይህን የሚያውጅላት አልተገኘም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአገሪቱ ሁሉ ውኃው በዛ። በሐምሌ መጨረሻ በድሬዳዋ፥ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ፤ ዝናቡ የጣለው በላይ በሐረርጌ ተራሮች ነበረና በደረቁ በረሓ ከተማ የተኛው ሰው የሰማው ነገር አልነበረም። ብዙ ሳይቈይ ርብና ጉማራ ከዳር ወጥተው የፎገራና የሊቦ ከምከም ቀበሌዎች በውኃ ተከበቡ፤ ብዙ ሺህ ሰው ቤቱንና እህሉን ትቶ ወደ ደረቅ ስፍራ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ ስልክም በየገበሬው ኪስ ገብቷል። ሆኖም በጉና ሥር በፋርጣ የዘነበው ዝናብ ወደ ሜዳው የሚደርሰው ጥቂት ሰዓት ቈይቶ ነው፤ ደመናውንም አስቀድሞ የሚያየው የላይኛው አገር ሰው ነው። በነሐሴ ሌሊት ለታችኛው መንደር ጥሩምባ የሚነፋበት ጊዜ ያቺ ጥቂት ሰዓት ናት።