ለማከራየት ቤት ልትገዙ ላሰባችሁ፦ ከ«ትርፍ ቤት» ታሪክ ጀምሩ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ቲቸር፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ገዝቼ ባከራይ ያዋጣል?» እኔ ደላላ አይደለሁም፣ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለዚህ መልሴ ከ1967 ዓ.ም. ይጀምራል፤ ታገሱኝ።

ከአብዮቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሠርቶ ማከራየት የመኳንንት ሥራ ብቻ አልነበረም። ትንሽ ጥሪት የያዘ ሰውም ጓሮው ላይ ሁለት ሦስት የጭቃ ክፍል ሠርቶ በኪራይ ይተዳደር ነበር። ሐምሌ 1967 ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ፤ የቀረው «ትርፍ» ተብሎ ተወረሰ። ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የሆነውን ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ኪራይ ቤቶች ያዘው። ዝቅተኛ ኪራዮችም ተቀነሱ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፣ ይሄን መካድ አይቻልም።

ችግሩ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርተ ዓመታት እዚያው ቆመ፤ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ሲሚንቶ ግን አልቆሙም። ጥቂት ብር ለሚያስገባ ቤት ማን ጣሪያ ይቀይራል? ቀበሌው አቅም የለውም። ተከራዩ ደግሞ «ነገ ለማይሆነኝ ቤት ምን አደከመኝ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ቆጥ ተሠራ፣ ጓዳው ለደባል ተሰጠ፣ የዘመመው ግድግዳ በባላ ተደገፈ። በእኔ አስተያየት የፒያሳ ቤቶች በ2016 ከመፍረሳቸው በፊት ያን ያህል የጎሳቆሉት በዕድሜ ብቻ አይደለም። ኪራያቸው ጥገናቸውን መሸከም ስላልቻለ ነው።

የብድሩ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ከአብዮቱ በፊት የነበሩት የቤት አበዳሪዎች ተዋህደው በ1968 ቤቶችና ቁጠባ ባንክ ሆኑ። በኋላ ስሙ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፣ በ2008 ደግሞ ንግድ ባንክ ጠቀለለው። ብዙው ሰው ግን ቤት የሚገዛው በዕቁብ፣ ወይ ዓረብ አገር ባለች እህት ላብ ነው። በ2005 የተመዘገባችሁበት 20/80 እና 40/60 ቁጠባና ብድር መሆኑን አትርሱ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ቁጠባው፣ ሁለተኛው የባንክ ዕዳው ነው። ስለዚህ ከዕጣ ባለቤት ስትገዙ ዕዳም አብራችሁ እየገዛችሁ ሊሆን ይችላል። ቀሪውን ከባንኩ በጽሑፍ አስወጡ።

በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም እስከ 5 ዓመት አይሸጥም። ደላላው «በውክልና እንጨርሰዋለን» ይላችኋል። ውክልና ሰጪው ሲሞት ይቋረጣል፣ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል። ከዚያ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ነው። አምስቱ ዓመት ካልሞላ፣ ይቅርባችሁ። ሲሞላም ዋናውን ካርታ በዓይናችሁ እዩ፣ እገዳ እንደሌለበት አጣሩ፣ ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ፈርሙ። 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥም ከበጀታችሁ ውስጥ ይግባ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውል ቢያንስ 2 ዓመት ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይብለጥ ይላል። ጭማሪ በዓመት አንዴ ብቻ ነው፤ ጣሪያውን መንግሥት ሰኔ 30 ያሳውቃል። እንደ 1967ቱ አይደለም፣ ቤቱ የእናንተው ነው። ሆኖም «አሁን በርካሽ ላከራየውና በኋላ አድሼ እጨምራለሁ» የሚለው ዕቅድ አይሠራም። እድሳቱ ተከራይ ከመግባቱ በፊት ይለቅ።

ምኑ ይታደስ? ደላላ ጂፕሰምና መብራት ያሳያችኋል። እኔ ቧንቧውን፣ የሽንት ቤቱን ፍሳሽና የውኃ ታንከሩን አስቀድማለሁ፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ተከራይ የሚቆየው በጂፕሰም አይደለም። ደረጃና ጣሪያው የጋራ ስለሆነ የሕንፃውን ማኅበር ሊቀመንበር ከመግዛታችሁ በፊት አነጋግሩ። መዋጮ የማይሰበሰብበት ብሎክ የቀበሌ ቤትን መንገድ ጀምሯል ማለት ነው።

የዓመቱን ኪራይ ስታሰሉ ግብሩን፣ የባንኩን ክፍያና ቢያንስ የአንድ ወር ኪራይ ለጥገና ቀንሱ። የቀረው ምንም ካልሆነና ተስፋችሁ «ዋጋው ይጨምራል» ብቻ ከሆነ፣ እኔ ብሆን አልገዛም። ሒሳባችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።