የፀሐይ ኃይል ባትሪ የመተኪያ ወጪ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ

ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ርቀው በሚገኙ የሰሜን ሸዋ ደጋማ ቀበሌዎች የፀሐይ ኃይል ለመኖሪያ ቤት መብራት፣ ለስልክ ቻርጅ፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ኬላ አገልግሎት ይውላል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራምም 35 በመቶ የሚሆነውን ተደራሽነት ከዋናው መስመር ውጪ ባሉ አማራጮች ለማዳረስ አቅዶ ነበር።

ከተከላ በኋላ ተጠቃሚውን የሚገጥመው ትልቁ ተደጋጋሚ ወጪ የባትሪ መተካት ነው። ፓኔሉ 25 ዓመት ገደማ ሲያገለግል፣ ባትሪው በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይለወጣል። ለዚህ ወጪ አስቀድሞ ካልታሰበ ፓኔሉ ጣሪያ ላይ እያለ ቤቱ ወደ ኩራዝ ይመለሳል፤ በጤና ኬላም ሌሊት የመጣ ሕመምተኛ በእጅ ባትሪ ብርሃን ለመታከም ይገደዳል።

የባትሪ ዓይነቶች

የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት የተሠራ በመሆኑ በየሌሊቱ ኃይሉ እየተሟጠጠ ለሚሠራ አገልግሎት አይሆንም። ለፀሐይ ኃይል የሚስማማው በጎልፍ ሜዳ መኪኖች ላይ እንደሚገጠመው በተደጋጋሚ ለመሙላትና ለመጠቀም የተዘጋጀው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ወይም የሊቲየም ባትሪ ነው።

ወጪው እንዴት ይሰላል?

ባትሪ በመግዣ ዋጋው ብቻ ሊመዘን አይገባም። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን በየሌሊቱ ከግማሹ በላይ አለመጠቀም ይመከራል። ጥሩ አያያዝ ያገኘ 1,000 ሌሊት ቢያገለግል በጠቅላላው 600 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ተመሳሳይ መጠን ያለው ሊቲየም በየሌሊቱ 1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል እየሰጠ 3,000 ሌሊት ቢያገለግል 3,000 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በዚህ ስሌት ሊቲየሙ ዋጋው ከእርሳሱ አምስት እጥፍ በታች እስከሆነ ድረስ በረጅም ጊዜ ይረክሳል። ሆኖም የመጀመሪያ ክፍያው ከፍ ያለ ከመሆኑም በላይ ለሊቲየም የሚስማማ የቻርጅ መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል።

ባትሪ ከውጭ የሚገባ ምርት በመሆኑ ዋጋው በውጭ ምንዛሪ ተመን ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ መተኪያውን በየወሩ መቆጠብ ይመከራል። ለምሳሌ የባትሪው ዋጋ 18,000 ብር ቢሆንና 36 ወር ቢያገለግል፣ በወር 500 ብር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ለዚህም የቁጠባና ብድር ማኅበር ወይም ዕቁብ ሊያገለግል ይችላል። ዋጋ ሊጨምር ስለሚችል በዓመት አንድ ጊዜ ስሌቱን መከለስ ተገቢ ነው።

የአየር ጠባይ ተጽዕኖ

ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጠው የመንዝ ጓሳ አካባቢ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ብርድ የእርሳስ ባትሪን የመያዝ አቅም ይቀንሳል፤ ሊቲየም ደግሞ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም። ወደ ጀማ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው የመርሐቤቴ ቆላ ደግሞ ሙቀቱ ዕድሜን ያሳጥራል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በደጋ ባትሪውን ከቤት ውስጥ፣ በቆላ ጥላና ነፋሻ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ በሁለቱም ሥፍራ ከእሳት መራቅና አየር ማግኘት አለበት።

ዕድሜን ለማራዘም

• ክፍት የእርሳስ ባትሪ ውኃው ሲቀንስ የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ይጨመርበት፤ የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውኃ ማዕድን ስላለው ይጎዳዋል።
• አሮጌና አዲስ ባትሪ በአንድነት አይያያዙ፤ ደካማው አዲሱን ይጎዳዋል።
• የፓኔሉ ገጽ ከአቧራ ይጽዳ፤ በሚገባ ያልሞላ ባትሪ ቶሎ ያረጃል።
• የቻርጅ መቆጣጠሪያው የኃይል ማነስን ሲያሳይ ከመብራት በስተቀር ሌላው ይቋረጥ።

ያረጀ ባትሪ

እርሳስ ሕፃናትን በተለይ ይጎዳል፤ ጉዳት የሌለው ነው የሚባል መጠን አይታወቅም። አሮጌውን ባትሪ በቤት መፍታት፣ እርሳሱን ማቅለጥ ወይም አሲዱን በማሳና በወንዝ ማፍሰስ አደገኛ ነው። እርሳሱ እንደገና ጥቅም ላይ ስለሚውል አሮጌው ባትሪ ዋጋ አለው። ገዢው አዲስ ሲገዛ ሻጩ አሮጌውን ተረክቦ ከዋጋው ይቀንስ እንደሆነ ቢጠይቅ የመተኪያ ወጪውን ሊያቃልል ይችላል።